የባሻ ጣጣ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ስለ ትምህርትና ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ አገርና ስለ ዓለም ብዙ ቁም ነገር በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ድመት ሽንት ልጽፍ በመነሣቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገሩ ያሳፍራል። ይሁን እንጂ ከደሞዝተኛው መካከል በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ቤቱም አይጥ ያለበት፣ ስለ አይጡም ሲል ድመት ያስጠጋ ሰው ቍጥሩ ቀላል እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ቢያንስ እነዚያ እስከ መጨረሻው ያነቡኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የቀራችሁት ሳቁብኝ። እኔም አሁን እየሳቅሁ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም።

የምኖረው በደጀን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የመጣ ሰው ሁሉ ደጀንን ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ በቆላው ሙቀት ልብሱን አውልቆ፣ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲያያዘው ጆሮው ይደፈናል፤ በመጨረሻም 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ብርዷን ይዛ የምትቀበለው ከተማ ደጀን ናት። መንገደኛው ወርዶ ባገኘው አጥር ሥር ሽንቱን ይሸናል፤ ሻዩን ይጠጣል፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ቢቸናና ሞጣ መንገዱን ይቀጥላል። እኛ ግን ከአጥሩ ጋራ እንቀራለን። ባሻን ከመኰነኔ በፊት ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

ባሻ የድመቴ ስም ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥቼ የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ እዚህ ስመደብ፣ ቤቱን የተረከብሁት ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ያስረከበኝም አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ ግራጫ ወንድ ድመት ነው። «ባሻ ከቤቱ ጋራ ነው» አለኝ፤ እንደ በርና እንደ መስኮት ማለቱ ነው። እርሱም ከሌላ መምህር የተረከበው ኖሯል። እኔ እንግዲህ ለባሻ ሦስተኛው መምህር መሆኔ ነው።

መጀመሪያ አልወደድሁትም። ነገር ግን በመጀመሪያው ወር አይጥ የተማሪዎቼን ደብተር ከጥግ ከጥግ ቀርጥፎ ባሳየኝ ጊዜ፣ ባሻም በማግስቱ ሌሊት የጥፋተኛውን ጭራ ብቻ አስቀርቶ ትራሴ አጠገብ ባኖረልኝ ጊዜ ወዳጅነታችን ተጀመረ። የጤፍ አገር ነውና አይጡ የጠገበ ነው፤ ባሻም የጠገበ ነበር። ማታ ማታ ወረቀት ሳርም ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ቀይ እስክሪብቶዬን በጥፍሩ ይነካካል። ብቻውን የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ሌላው ይለፈው።

የቤቱ ባለቤት እማሆይ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኵሰው፣ በጓሮው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቆብ ያጠለቁ ብርቱ ሴት ናቸው። እንግዲህ አማርኛችን ስለ ድመትና ስለ ምንኵስና ያለውን ተረት አንባቢ ያውቃል። እኔም ባሻ ባጠፋ ቍጥር ያ ተረት እስከ ምላሴ ጫፍ እየመጣ፣ እማሆይን እያየሁ እየዋጥሁት ኖሬያለሁ።

ጣጣው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ጾሙ ሲፈታ ከአጥራችን ማዶ አንድ ልኳንዳ ተከፈተ። ለሰፈሩ ደስታ ሆነ፤ ለእኔም ሆነ። ነገር ግን ከልኳንዳው ጋራ የከተማው ድመት ሁሉ መጣ፤ ከእነርሱም መካከል አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ አንገቱ እንደ ኮርማ የወፈረ ቢጫ አውራ ድመት ሌሊት ሌሊት መስኮቴ ላይ እየቆመ ያለቅስ ጀመር። ባሻ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ እየተያዩ ሲያጕረመርሙ ያድራሉ። እኔም ትራሴን በጆሮዬ ላይ አድርጌ አድራለሁ። ከዚህ ያለፈ ነገር ይመጣል ብዬ አልጠረጠርሁም።

በሳምንቱ የ10ኛ ክፍል ፈተና ወረቀት ስልሳውም በሽንት ርሶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ኮቴ ተመታ። ያለኝ ኮት አንድ ነው፤ ለምረቃዬ የተሰፋ። ከግድግዳው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ሳለ ከታች ጫፉ ረጠበ። አጠብሁት፤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ አሸተትሁት፤ ምንም የለውም። በማግስቱ ለብሼው ክፍል ገባሁ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከፊት የተቀመጡት ልጆች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲስቡ አየሁ። አንዱ ደፋር «ቲቸር፣ ድመት ድመት ይሸታል» አለ። «መስኮት ክፈት» አልሁት። መስኮቱ ክፍት ነበር።

እንግዲህ ምን ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት።

መጀመሪያ የወሰድሁት ርምጃ የመምህር ርምጃ ነው፤ ቅጣት። ባሻን በማጅራቱ ይዤ፣ አፍንጫውን ከረጠበው ወረቀት ላይ አሽቼ፣ በነጠላ ጫማ ሁለት ጊዜ መታሁት። ሰዎች እንዲህ ይደረጋል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ድመት ግን ከሰዓታት በፊት ያደረገውንና አሁን የሚደርስበትን ዱላ አያገናኝም፤ የሚያገናኘው ዱላውንና የሚመታውን ሰው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔን ሲያይ አልጋ ሥር ይገባ ጀመር። ሽንቱን ግን አልተወም፤ ይልቁንም አልጋ ሥር መሽናት ጀመረ።

ሁለተኛው ርምጃ የኬሚስትሪ መምህር ርምጃ መሆን ይገባው ነበር። አልሆነም። አንድ ጠርሙስ በረኪና ገዝቼ፣ ውሃ ሳልጨምርበት፣ አልጋው ሥር አፈሰስሁትና ሽታው እንዳይወጣ በርና መስኮቱን ዘጋሁ። ጥቂት ሳይቆይ ዓይኔ አነባ፤ ደረቴ ተያዘ፤ እየሳልሁ ወደ ግቢው ወጣሁ። እማሆይ «በስመ ሥላሴ! ምን ሆነብኝ ልጄ!» ብለው የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡና ፊቴን ረጩኝ። ጠበሉ ረዳኝ፤ ንጹሕ አየሩም የበለጠ ሳይረዳኝ አልቀረም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሰው ነው በዚያው ወር ስለ አሞኒያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈው! በሽንት ውስጥ ዩሪያ የሚባል ነገር አለ፤ ሲቈይ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። በረኪና ከአሞኒያ ጋራ ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣል። ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲበዛ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። በረኪናን ከአቼቶ ጋራ መቀላቀልም እንዲሁ ክፉ ነው፤ የሚወጣው ክሎሪን ነው። የድመት ሽንት ከሌላው ሽንት የሚለይበት አንድ ነገር ደግሞ አለው። ፌሊኒን ይባላል፤ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ነው፤ ካልተኮላሸ አውራ ድመት ሽንት ውስጥ ይበዛል። ሲወጣ ብዙም አይሸትም፤ ቀስ በቀስ እየተሰባበረ ሲሄድ ነው ያ የታወቀው ሽታ የሚነሣው። ኮቴ ጠዋት ንጹሕ መስሎ እኩለ ቀን ላይ ያዋረደኝ ለዚህ ነበር።

ሦስተኛው መድኃኒት የእማሆይ ነው። ወይራ አጠኑ፤ ዕጣን አጨሱ። ለሁለት ቀን ቤቱ በዓል በዓል ሸተተ። በሦስተኛው ቀን ዕጣንና ድመት አንድ ላይ ሸተተ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እማሆይ ታግሠውኝ ነበር። ትዕግሥታቸው ያለቀው በስጡ ነው። ለሰኔ ሚካኤል ዝክር የሚጠመቀውን ጠላ ገብስ አጥበው፣ ግቢው ውስጥ አስጥተውት ሳለ፣ ባሻ በቀን ብርሃን፣ በእኔም በእሳቸውም ፊት፣ ስጡ መካከል ገብቶ ቈፈር ቈፈር አድርጎ ተቀመጠበት። እማሆይ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፤ አንተ መልካም ልጅ ነህ። ይህ ግን የመልአኩ እህል ነው። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ ቤቴን ልቀቅልኝ» አሉኝ።

በደጀን በመምህር ደሞዝ ሌላ ቤት መፈለግ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አልነግረውም። በዚያ ላይ የዓመቱ ፈተና ደርሷል። እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ያደረግሁትን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ባልጽፈው ግን ከዚህ በፊት ያልሁት ሁሉ ጨዋታ ብቻ ይሆናል። ባሻን በጆንያ ከተትሁት። አፉን በሲባጎ አሰርሁት። ወደ ዓባይ ከሚወርደው መንገድ ዳር ወሰድሁትና፣ ለአንድ የጭነት መኪና ረዳት የሻይ ገንዘብ ሰጥቼ፣ ማዶ ጎሐ ጽዮን አድርሶ እንዲለቀው ተስማማሁ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከል ታላቁ ገደልና ወንዙ አለ። ከዚያ አይመለስም ብዬ ነው።

መኪናው እስኪነሣ ድረስ ጆንያውን ከእግሬ አጠገብ አኑሬ ቆምሁ። ባሻ አልጮኸም። ከገደሉ በኩል ነፋስ ይነፍሳል። ቁልቁል ስመለከት ጆንያው ከታች ረጠበ። «አሁንም!» ብዬ ተናደድሁ። ኋላ ግን እርጥበቱ ቀይ መሰለኝ። ሲባጎውን ፈታሁና ወደ ውስጥ አየሁ። ባሻ ጀርባውን አጕብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያምጣል። ከብዙ ምጥ በኋላ አንድ ጠብታ ወጣች፤ ደም ነበረች።

ረዳቱ «ምነው መምህር፣ መንገደኛው ቀረ?» ብሎ ሣቀ። የሻይ ገንዘቤን ሳልጠይቀው ጆንያውን ታቅፌ ተመለስሁ።

በከተማችን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በር ላይ በሬ የያዘ ገበሬ፣ አህያ የያዘ ገበሬና ድመት የያዘ መምህር ተሰለፍን። አህያ የያዙት አባት ጆንያውን አይተው «ዶሮ ናት?» አሉኝ። «ድመት ነው አባባ፤ ሽንት አቃጠለው» አልሁ። አልሣቁም። «እኔንም ያቃጥለኛል፤ ክፉ ነው» አሉኝና ተራቸውን ለቀቁልኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ የእኔ እኩያ ነው። ድመት ታሞ የመጣበትን ቀን እንደማያስታውስ ነግሮኝ፣ ነገር ግን ቁም ነገር አድርጎ የባሻን ሆድ ዳበሰ። «ፊኛው ባዶ ነው። ዕድለኛ ነህ» አለኝ። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ቀጭን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ ይደፈናል። ያን ጊዜ ፊኛው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ መርዙ ወደ ደም ይመለሳል፤ ድመቱም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ደጋግሞ እያማጠ ምንም የማይወጣው ወንድ ድመት ያለው ሰው ነገ ዛሬ አይበል። የባሻ ግን ያ አልነበረም፤ ፊኛው ቈስሎ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ደግሞ በጎልማሳ ድመቶች ዘንድ ብዙውን ጊዜ ከባክቴሪያ ሳይሆን ከጭንቀት ጋራ እንደሚያያዝ ነገረኝ። «በቤትህ ምን አዲስ ነገር አለ?» አለኝ።

ልኳንዳውን ነገርሁት። ቢጫውን ድመት ነገርሁት። ነጠላ ጫማውን ለመናገር ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ከእርሱ የተማርሁት ትልቅ ነገር፣ እኔ አንድ ጥፋት ያልሁት ሁለት መሆኑን ነው። ድመት ተቀምጦ ወለል ላይ ሲሸና ሽንት ነው። ቆሞ፣ ጭራውን አቁሞ እያንቀጠቀጠ፣ ወደ ግድግዳ ሲረጭ ግን ማኅተም ነው፤ «ይህ የእኔ ርስት ነው» ማለቱ ነው። ቢጫው ድመት በመስኮት ሲመጣበት ባሻ ድንበሩን አተመ፤ ኮቴ በድንበሩ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ወረቀቱና ገብሱ ግን በሕመም ነው የተመቱት። የታመመ ድመት የለመደውን ቦታ ካመመው ጋራ ስለሚያያይዘው ይሸሻል፤ ለስላሳና የሚቈፈር ነገር ይፈልጋል። የእማሆይ ስጥ ከዚህ የተሻለ ምን ሊሆን ይችላል?

ለሕመሙ ማስታገሻ ሰጠው፤ ከዚያም ውሃ አለ። የቤት ድመት የዘር ሐረጉ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ አገር ከሚኖረው የዱር ድመት ነው፤ ያ የዱር ድመት በእኛም አገር አለ። የበረሃ ዘር ስለሆነ ውሃ ጥቂት ይጠጣል፤ ሽንቱም የጠነከረ ነው። ስለዚህ ከደረቅ እንጀራ ይልቅ በሥጋ መረቅ የራሰ ፍትፍት እንድሰጠው አዘዘኝ። ልኳንዳው ያመጣውን ጣጣ የልኳንዳው አጥንት መረቅ ካሠልኝ ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ስለ ድመት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ሕሊናዬ ስለከሰሰኝ ይመስለኛል። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ከነድመቱ መገኘቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። የግሪኩ ጸሓፊ ሄሮዶቱስም ግብጻውያን ቤታቸው ድመት ሲሞትባቸው ቅንድባቸውን ይላጩ እንደነበር ጽፏል። እኔ ደግሞ በጆንያ! ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የአሜሪካው ኤድዋርድ ሎው ታሪክ ነው። በጥር 1939 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1947) በሚቺጋን ክረምት አንዲት ጎረቤቱ ለድመቷ የምታኖረው አሸዋ በረዶ ሆኖባት፣ በአመድ ብትሞክር ድመቷ ቤቱን በጥቁር ዱካ ሞላችባት። ሎው ከመጋዘኑ ዘይት የሚመጥ የሸክላ አፈር ሰጣት። እርሱም ከዚያ ተነሥቶ የድመት አፈር እየሸጠ ባለጸጋ ሆነ።

እኔም የአመዱን ነገር ሳላምን በራሴ ሞከርሁት። የእማሆይን የምድጃ አመድ በአሮጌ ሳፋ ሞላሁ። ባሻ ወዲያው ወደደው፤ ተጠቀመበትም። ከዚያም በታጠበው የእማሆይ ነጠላ ላይ ሄደበት። የሚቺጋኗን ሴት አሰብሁ። አመዱን ደፍቼ፣ ቤት ከሚሠራ ጎረቤት አሸዋ ለመንሁ። መጽሐፉ ለአንድ ድመት አንድ ሣጥን፣ አንድም ተጨማሪ ይላልና፣ አንዱን ሳፋ ከክፍሌ ጥግ፣ ሁለተኛውን ከጎተራው ሥር አኖርሁ። እማሆይ መጥተው ሁለቱንም አዩ። «ሁለት ሽንት ቤት!» አሉ፤ «እኔ እንኳ ያለኝ አንድ ነው።»

ከእማሆይ ጋራ የታረቅነው በቀላሉ አይደለም። ገብሱን ገዝቼ ተካሁ፤ የወሩ ደሞዜ እስከ ወሩ መጨረሻ አላደረሰኝም። ጆንያውንም ነገርኋቸው፤ ደሙንም። እማሆይ ጥቂት ዝም ብለው «ታሞ ኖሯል እንጂ ደፍሮ አይደለማ» አሉ። ስለ መልቀቅ ዳግመኛ አላነሡብኝም።

መስኮቱን እስከ ግማሽ ድረስ በካርቶን ሸፈንሁት፤ ባሻና ቢጫው መተያየታቸው ቀረ። የረጠበውን ቦታ በጨርቅ አድርቄ፣ በውሃና በኦሞ አጥቤ፣ ሲደርቅ ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ ወለወልሁት፤ በረኪናው እስከ ዛሬ ከመደርደሪያ አልወረደም። ባሻ በሳምንቱ ማማጡን ተወ። ቆይቶም ሐኪሙ ዘንድ መልሼ ወሰድሁትና አኮላሸው፤ በወንድ ድመት ላይ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከ10 ወንዶችም 9 ያህሉ ከዚያ በኋላ ግድግዳ መርጨት ይተዋሉ ወይም በጣም ይቀንሳሉ። ባሻ ተወ። ሙክት ስለሆነ አሁን ወፍሯል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከክሊኒኩ በተመለስሁ ሰኞ፣ ሁልጊዜ በክፍለ ጊዜዬ መካከል «ቲቸር ልውጣ?» እያለ የሚያስቸግረኝ፣ እኔም ሰበብ ነው ብዬ ብዙ ጊዜ የከለከልሁት አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ከመናገሩ በፊት «ሂድ» አልሁት። ክፍሉ ሣቀ። ከደወል በኋላ ጠርቼ ጠየቅሁት፤ የነገረኝ የእርሱ ስለሆነ አልጽፈውም። ዛሬ ግን ሳይጠይቀኝ ይወጣል።

ዝውውር ጠይቄያለሁ፤ ይህንንም ማን አይጠይቅም? ቅጹን የሞላሁት ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። መልሱ በነሐሴ ይመጣል ይባላል። ለሚቀጥለው መምህር የማስረክበውን በወረቀት ጽፌያለሁ፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ምድጃ፣ ሁለት ሳፋ። ከአራተኛው መሥመር በኋላ ያለውን ስጽፍ ስሰርዝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ትናንት ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማሆይ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ አሸዋውን በአሮጌ ወንፊት ይነፋሉ። ባሻ ከእግራቸው ሥር ተጋድሟል።

«ዝውውርህ መጣ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ገና ነው እማሆይ።»

«ጠጠር ሲበዛበት አይወድም» አሉና መንፋታቸውን ቀጠሉ።